አደባባይ ወይስ የትራፊክ መብራት? የደብረ ብርሃኑን መስቀለኛ መንገድ በሞዴል እንፈትሸው

ቆጣሪው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ተሽከርካሪ ስቆጥር ነበር። ቦታው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው ዋና መንገድ ከከተማው የውስጥ መንገድ ጋር የሚገናኝበት መስቀለኛ መንገድ ነው። ጓደኛዬ ከማዶ፣ እኔ ከወዲህ ሆነን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በየ15 ደቂቃው እየመዘገብን ቆጠርን። አራት ቀጥ ያለ ጭረት፣ አምስተኛው በላያቸው አግድም፤ ለከባድ መኪና አንድ ዓምድ፣ ለሚኒባስ አንድ፣ ለባጃጅ አንድ፣ ለጋሪ አንድ፣ ለእግረኛ አንድ። የከተማችንን የጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ፤ በየሩብ ሰዓቱ ጣቶቼን ጋቢ ውስጥ ካላሞቅኋቸው እስክሪብቶ አይጨብጡም ነበር።

ለመቁጠር የተነሣሁት በክርክሩ ምክንያት ነው። እዚያ ቦታ መብራት ይተከል የሚል አለ፣ አደባባይ ይሠራ የሚል አለ፣ እስካሁን የሰማሁት ሁሉ ግን ከዓይን ግምት አያልፍም። አስፋልትና ሲሚንቶ ከፈሰሰ በኋላ ስሕተትን ማረም ውድ ነው። ኮምፒውተር ላይ በሚሠራ ሞዴል ግን አንዱን መስቀለኛ መንገድ አሥር ጊዜ አፍርሶ አሥር ጊዜ መሥራት ይቻላል፣ ማንም ሳይገጭ።

አደባባይ የሚሠራው በክፍተት ነው። ሊገባ የመጣ ሾፌር ከግራው እየዞሩ የሚመጡትን አይቶ፣ በሁለት መኪኖች መካከል የሚበቃው ክፍተት ሲያገኝ ይገባል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የመንገድ አቅም መመሪያ ስድስተኛ እትም ለባለ አንድ መስመር አደባባይ በሁለት ቁጥሮች ይተማመናል። አንድ ሾፌር ለመግባት የሚፈልገው ትንሹ ክፍተት 5 ሰከንድ ገደማ ነው። ክፍተቱ ሰፊ ሆኖ ሁለት መኪና ተከታትሎ ሲገባ ደግሞ በመካከላቸው 2.6 ሰከንድ ገደማ ይኖራል። ከእነዚህ የሚወጣው ስሌት እንዲህ ይላል፦ ከፊትህ የሚዞር ከሌለ በአንድ መግቢያ በሰዓት 1,380 መኪና ይገባል፤ በሰዓት 500 ቢዞር 829 ገደማ፣ 1,000 ቢዞር 498 ገደማ ይገባል። አደባባይ ድንገት አይዘጋም፣ እንደ ወንፊት ቀስ በቀስ እየጠበበ ይሄዳል።

መብራት ደግሞ የሚሠራው በተራ ነው። ዌብስተር የሚባል እንግሊዛዊ በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር ዛሬም በየመማሪያ ክፍሉ ይሰጣል፦ የአንዱን ዙር ርዝመት ለማግኘት በዙሩ የሚባክነውን ጊዜ በ1.5 አባዝተህ 5 ጨምር፣ ከዚያ ከ1 ላይ የመንገዱ ጭነት (የሚመጣው መኪና መንገዱ ማሳለፍ ከሚችለው ስንት እጅ እንደሆነ) ተቀንሶ በሚቀረው ቁጥር አካፍል። አራት ተራ ያለው መብራት በእያንዳንዱ ተራ 4 ሰከንድ ቢያባክን፣ ጭነቱም 0.7 ቢሆን፣ አንዱ ዙር 97 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። በሰዓት 37 ዙር፣ በየዙሩ 16 ሰከንድ ብክነት፤ ይህ ማለት በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል መስቀለኛው መንገድ ባዶ ሆኖ ሁሉም ይቆማል ማለት ነው። ጭነቱ ወደ 0.85 ሲወጣ ዙሩ ከ190 ሰከንድ ያልፋል። ከዚያ በኋላ መብራቱ ሾፌሮችን ማስቆጣት ብቻ ነው የሚቀረው።

የእኔ ሁለት ጠዋት ለውሳኔ አይበቃምና ቁጥሬን እንደ ማስረጃ አልለጥፍም፤ ከላይ ያሉት ለማሳያ የወሰድኋቸው ክብ ቁጥሮች ናቸው። ቁጥር የማይገልጸውን አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። በሁለተኛው ጠዋት 1:40 ገደማ ጭድ የጫነ ጋሪ መካከል ላይ ደርሶ ፈረሱ ቆመ። ከኋላው የመጣ ተሳቢ ጥሩንባውን ለቀቀው፣ ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ ወደ ጎን ተንሸራተተ፣ ጭዱም አንድ በኩል ተዘነበለ። በዚያች ቅጽበት አንዲት ደብተሯን በደረቷ ያቀፈች ተማሪ በጋሪውና በተሳቢው መካከል ሮጣ ተሻገረች። ያ ቅጽበት የማይታይበት ሞዴል ለደብረ ብርሃን አልተሠራም።

ሐሳባችሁን ስጡኝ። ሾፌሮች በተለይ።


የደሴ መስመር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ልጄ፣ ብርድ ላይ ቆመህ መቁጠርህን አደንቃለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ተሳቢ ነድቻለሁ፣ ያንን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ አደባባይህ ስንት ሜትር ነው?

እኔ የምነዳው ከነተሳቢው ወደ 18 ሜትር ይጠጋል። ፊቱ ሲዞር የኋላው ጎማ የፊቱን መንገድ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ጠባብ አደባባይ ከሠራችሁ ወይ የመካከሉን ድንጋይ እወጣለሁ፣ ወይ የሁለቱንም አቅጣጫ ዘግቼ ወደ ኋላና ወደ ፊት እላለሁ። አንድ ከተማ ውስጥ፣ ስሙን አልጠራም፣ የአደባባዩ ዙሪያ ጠርዝ እንደ አጥር ተገንብቶ ሁለት ጎማ ፈንድቶብኛል። ጎማው ምን ያህል እንደሚያወጣ ታውቃለህ።

ደግሞ ከጣርማበር ወጥቶ የመጣ መኪና ሞተሩ ግሎ፣ ሾፌሩ ደክሞ ነው የሚደርሰው። በቀይ መብራት ሠላሳ ቶን አቁሞ እንደገና ማስነሣት ምን ያህል ነዳጅና ክላች እንደሚበላ የሚያውቅ የነዳ ብቻ ነው። በዚህ በዚህ አደባባይ ይሻለኛል፣ ሰፊ ከሆነ።


ቆጣሪው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ነበር የምጠብቀው። ባለ አንድ መስመር የከተማ አደባባይ ከዳር እስከ ዳር ከ27 እስከ 55 ሜትር ይሆናል፤ እርስዎ የሚነዱትን ዓይነት ለማስተናገድ ወደ 40 ሜትርና ከዚያ በላይ መሄድ ያስፈልጋል። ለኋላ ጎማ የሚሠራ መላም አለ። በመካከለኛው ደሴት ዙሪያ ከአስፋልቱ 5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ያለ፣ ተዳፋት ያለው የድንጋይ ንጣፍ ቀለበት ይደረጋል። ትንሽ መኪና ስለሚያናጋው አይወጣበትም፣ የተሳቢ የኋላ ጎማ ግን ሳይጎዳ ይረግጠዋል። የእርስዎን ጎማ ያፈነዳው ይህ ቀለበት ያልነበረው፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የቆመ አደባባይ ይመስለኛል።

ሠላሳ ቶን አቁሞ ማስነሣት ያሉትንም ሞዴሉ ውስጥ አስገባዋለሁ። የከባድ መኪና አነሣስ ዝግታ ከኋላው የተሰለፈውን ሁሉ ስለሚያዘገይ፣ ስሌት ላይ አንድን ተሳቢ እንደ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የቤት መኪና የምንቆጥረው ለዚህ ነው።


ከአራት ኪሎ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:12

እኔ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ የትውልድ ቦታዬ ግን ሰላድንጋይ ነው። እባካችሁ ተጠንቀቁ። እዚህ ስንት አደባባይ ፈርሶ በመብራት ተተክቷል! ምክንያቱን ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። አራቱም አቅጣጫ ይገባል፣ ማንም አይወጣም፣ አንዱ የሌላውን መውጫ ይዘጋል፣ በመጨረሻ የትራፊክ ፖሊስ ወርዶ በእጁ ካልፈታው ሰዓት ይፈጃል። ዝናብ ሲሆን ደግሞ አይነገርም። አዲስ አበባ የጣለችውን ደብረ ብርሃን ለምን ታነሣለች?


ቆጣሪው
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ክብደት ያለው ነው፣ በደንብ ልመልስ።

አደባባይ የሚቆለፍበት ምክንያት በእንግሊዝ አገር ከስድሳ ዓመት በፊት ታውቋል። በዚያ ዘመን ደንቡ ያልጠራ ነበርና የሚገባው በሚዞረው ላይ እየተጫነ ይገባ ነበር። ክቡ ሲሞላ የሚወጣው መውጣት አይችልም፣ የሚገባውም አይቆምም፤ ልክ አንተ እንደገለጽኸው ይታሰራል። ፍራንክ ብላክሞር የሚባል የመንገድ ምርምር መሐንዲስ ሙከራ አድርጎ መድኃኒቱን አገኘ። በ1966 እ.ኤ.አ. የሚገባ ሁሉ ለሚዞረው ቅድሚያ ይስጥ የሚል ደንብ ወጣ። ክቡን ሳያሰፉ፣ መንገድ ሳይጨምሩ፣ ደንቡ ብቻ መቆለፉን ፈታው። ፈረንሳይ ተመሳሳይ ለውጥ ያደረገችው በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ በዚህ ደንብ የሚሠራውን አደባባይ ኔቫዳ ውስጥ የጀመረችው በ1990 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ ኢንዲያና ውስጥ ያለችው ካርሜል የምትባል ከተማ ብቻዋን ከ140 በላይ አደባባይ አላት፤ ብዙዎቹም መብራት ነቅላ የተከለቻቸው ናቸው።

ደንቡን እኛም መንጃ ፈቃድ ስናወጣ እንማረዋለን፤ ችግሩ መንገድ ላይ አለመፈጸሙ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባን ልምድ አልንቅም። ብዙ መስመር ባላቸው፣ ከመውጫቸው ጥቂት ሜትር ርቆ ሌላ መጨናነቅ በሚጠብቃቸው አደባባዮች ላይ የሆነውን ነገር ሞዴሉ ውስጥ ልናስገባው ይገባል እንጂ ከመመሪያ የተገለበጠ ቁጥር ይዘን መሮጥ የለብንም። ደብረ ብርሃን ላይ የምናወራው በየአቅጣጫው አንድ አንድ መስመር ስላለው መንገድ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።


መምህርት ዘጠባሴ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:00

እስካሁን ስለ መኪና ሰምቻለሁ። ስለ ልጆቹ ማን ይናገር?

ደብተሯን አቅፋ የሮጠችው ልጅ የእኔ ተማሪ ልትሆን ትችላለች። በየጠዋቱ በር ላይ ቆሜ ሲገቡ እቆጥራለሁ፤ የዘገየ ልጅ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማስበው መንገዱን ነው። መብራት ቢኖር ቢያንስ መኪናው ይቆማል፣ ልጁም ቀይና አረንጓዴ ያውቃል። አደባባይ ላይ ግን መኪናው መቼ ይቆማል? ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል።

ሌላም አለ። ባልደረባዬ ዓይነ ስውር ነው። መንገድ የሚሻገረው በጆሮው ነው፦ የሞተሩ ድምፅ ሲቆም ያውቃል፣ ይሻገራል። አደባባይ አጠገብ የሚዞረው ድምፅ ከሚወጣው ድምፅ ጋር ስለሚቀላቀል የትኛው ወደ እርሱ እንደሚመጣ መለየት አይችልም። ትናንት ይህን ክር አነበብሁለት። «ለእኔ መንገዱ መብራት ወይም አደባባይ መሆኑ ሳይሆን፣ መኪናው በእርግጥ መቆሙ ነው» አለኝ።


ቆጣሪው
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:45

መምህርት፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ባልደረባዎ ያሉት እውነት ነው፤ ዓይነ ስውራን በአደባባይ ላይ የሚገጥማቸው ይህ ችግር በጥናት ተደጋግሞ የታየ ነው። ስለ ልጆቹ ግን አንድ ነገር ልጨምር።

አራት ቅርንጫፍ ባለው ተራ መስቀለኛ መንገድ ተሽከርካሪና ተሽከርካሪ ሊጋጩ የሚችሉባቸው ነጥቦች 32 ናቸው። በባለ አንድ መስመር አደባባይ 8 ብቻ ይቀራሉ። ከዚያ በላይ የሚበልጠው የግጭቱ ዓይነት ነው፤ ከጎን ቀጥ ብሎ መምታትና ፊት ለፊት መላተም ከሞላ ጎደል ይጠፋሉ። አሜሪካ ውስጥ 24 መገናኛዎች ወደ አደባባይ ከተቀየሩ በኋላ የተደረገ የታወቀ ጥናት የአካል ጉዳት ያስከተሉ ግጭቶች በ76 በመቶ፣ የሞትና ከባድ ጉዳት ያስከተሉት በ90 በመቶ ገደማ እንደቀነሱ አሳይቷል። ምክንያቱ ፍጥነት ነው። መንገዱ ራሱ ስለሚጠመዝዘው ሾፌሩ ከ25 እስከ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይገባል እንጂ በ70 ማለፍ አይችልም። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ይህ በሕፃን አካል ላይ ምን እንደሚያደርግ መናገር አልፈልግም። ቀይ መብራትን ጥሶ የሚያልፍ ሾፌር በሙሉ ፍጥነት ነው የሚያልፈው፤ አረንጓዴ ያየችው ልጅ ደግሞ ተማምና ነው የምትገባው።

ማቋረጫው ከክቡ አንድ መኪና ያህል፣ ማለትም 6 ወይም 7 ሜትር ወደ ኋላ ይደረጋል። በመግቢያና በመውጫ መካከል ደሴት ስለሚኖር ልጁ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይቶ፣ ደሴቱ ላይ ቆሞ፣ ከዚያ ሌላውን ያያል። 14 ሜትር በአንድ ትንፋሽ ከመሮጥ፣ 5 ሜትር ሁለት ጊዜ መራመድ። ለባልደረባዎ ደግሞ ማቋረጫው ከፍ ብሎ ቢሠራ፣ ድምፅ ያለው የእግረኛ መብራት እዚያ ላይ ብቻ ቢተከልስ? አደባባዩና መብራቱ አብረው መኖር ይችላሉ።


ሞዴል ሠሪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:50

በመንገድ ጥናት ሥራ ላይ ነኝ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብሁ፤ ወንድሜ ቆጣሪው፣ መሠረትህ ጥሩ ነው፣ ግን ሦስት ቦታ ላይ አቁሜ ልያዝህ።

መጀመሪያ፣ ምን እንደቆጠርህ ልጠይቅ። መስመሩ ላይ ቆመህ ያለፈውን ከቆጠርህ፣ ያለፈውን እንጂ ማለፍ የፈለገውን አልቆጠርህም። ሰልፍ ካለ ፍላጎቱ ከኋላ ተደብቋል። ስለዚህ አንድ ሰው ከሰልፉ ጅራት በስተኋላ ቆሞ የሚደርሰውን መቁጠር አለበት። ከየት መጥቶ ወዴት እንደታጠፈም መመዝገብ ያስፈልጋል፤ በጎኑ መንገድ ከአንኮበር በኩል የመጣው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ሲታጠፍና ግማሹ ብቻ ታጥፎ ግማሹ ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ ክቡ ውስጥ የሚፈጠረው ጭነት ፈጽሞ አይመሳሰልም። በየ15 ደቂቃው መመዝገብህ ግን ትክክል ነው። በአንድ ሰዓት 1,000 መኪና አልፎ ከዚያ ውስጥ 310 በአንዱ ሩብ ሰዓት ብቻ ቢያልፍ፣ መንገዱ የሚፈተነው በ1,000 ሳይሆን በ1,240 ነው። ያ ሩብ ሰዓት ደግሞ የተማሪው ሩብ ሰዓት መሆኑ አይቀርም።

ሁለተኛው ዋናው ነው። የጠቀስሃቸው 5 ሰከንድና 2.6 ሰከንድ የአሜሪካ ሾፌር ናቸው። እዚህ ያለው ሾፌር ከዚያ በጠበበ ክፍተት ሊገባ ይችላል፣ ከኋላው ያለው ጋሪ ደግሞ ከዚያ እጅግ ዘግይቶ ይከተለዋል። የእኔን ስሌት ተመልከት፦ ክፍተቱን እንዳለ ትተን ተከታትሎ የመግቢያውን ጊዜ ብቻ ከ2.6 ወደ 3.2 ሰከንድ ብናሳድገው፣ በሰዓት 500 መኪና በሚዞርበት ክብ ላይ የመግቢያው አቅም ከ829 ወደ 704 ይወርዳል። ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ ያለፈ ልዩነት 125 መኪና አስቀረ። ሞዴል የሚዋሸው እንደዚህ ነው፤ ቀመሩ ሳይሳሳት።

ስለዚህ ቆጠራ ብቻ አይበቃም። ከአንድ ፎቅ በረንዳ ላይ ስልክ አቁማችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ዋናው መንገድ ላይ ለመግባት የሚጠብቅ ሾፌር የትኛውን ክፍተት ተወው፣ የትኛውን ተቀበለው፣ ስንት ሰከንድ ነበር? ቪዲዮውን እያቆማችሁ መቶ ሁለት መቶ ጊዜ መዝግቡ። አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን የደብረ ብርሃንን ሾፌር ወደ ኮምፒውተር የምታስገቡት በዚህ በር ነው።

ለሶፍትዌሩ ገንዘብ አያሳስባችሁ። ሲድራና ቪሲም ፈቃዳቸው ውድ ነው፤ የጀርመን የአየርና የጠፈር ማዕከል የሠራው ሱሞ ግን በነፃ ይገኛል። የመንገዱን ካርታ ከኦፕን ስትሪት ማፕ ያወርዳል፣ የራስህን የተሽከርካሪ ዓይነት ርዝመቱን፣ ፍጥነቱን፣ አነሣሱን ሰጥተህ ትፈጥራለህ። ጋሪ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ማዘዝ ትችላለህ። መስመሩን በቁመት ሸንሽኖ ባጃጅ በጎን እንዲሾልክ የሚያደርግ ስልትም አለው፤ ያለ እርሱ የእኛ አገር ሰልፍ እውነተኛ አይመስልም።

ሦስተኛ፣ ሞዴሉን ከመጠቀማችሁ በፊት አሁን ያለውን መንገድ እንዲመስል አድርጉት። አሁን ያለውን ካልመሰለ፣ ስለሚመጣው ሊናገር አይችልም። መለኪያው ጂኢኤች ይባላል፦ የሞዴሉንና የቆጠራውን ልዩነት በራሱ አባዛ፣ በሁለት አባዛ፣ ለሁለቱ ድምር አካፍል፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰድ። በቆጠራ 400፣ በሞዴል 480 ቢሆን 3.8 ይመጣል፤ ከ5 በታች ነውና ይታለፋል። ሞዴሉ 550 ካለ 6.9 ነው፣ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ስሕተቱን ፈልጉ። ከቁጥሩ ሌላ የሰልፉን ርዝመት በሜትር ለኩና አወዳድሩ። አንድ ጊዜ አስኪዶ ማመንም የለም፤ የዕጣ ቁጥሩን (የመኪኖቹን አመጣጥ በዘፈቀደ የሚወስነውን) እየቀያየራችሁ ቢያንስ አሥር ጊዜ አስኪዱትና አማካዩንም ልዩነቱንም እዩ።

ሁለቱን ስታወዳድሩም ተጠንቀቁ። የአሜሪካው መመሪያ መገናኛውን ከኤ እስከ ኤፍ በፊደል ይመዝናል፤ መብራት ላይ ወደቀ፣ ማለትም ኤፍ፣ የሚባለው አማካይ ጥበቃው ከ80 ሰከንድ ሲያልፍ ነው፣ አደባባይ ላይ ከ50 ሰከንድ ሲያልፍ። ፊደሉን ብቻ ያወዳደረ ሰው 60 ሰከንድ የሚያስጠብቀውን መብራት አልፏል፣ 55 ሰከንድ የሚያስጠብቀውን አደባባይ ወድቋል ሊል ነው። ሰከንዱን ራሱን አወዳድሩ።


የባጃጅ ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:15

ሁላችሁም ባጃጅን እንደ ችግር ነው የምታነሡት። እኔ ማዕዘኑ ላይ ተሳፋሪ የማወርደው ሌላ የማወርድበት ቦታ ስለሌለኝ ነው። አደባባዩን ስትሠሩ ከመውጫው አለፍ ብሎ ከመንገዱ ገባ ያለ መቆሚያ ሥሩልን። ካልሠራችሁልን መውጫው ላይ መቆማችን አይቀርም፣ አንዱ ቆመ ማለት ደግሞ ያ ከአራት ኪሎ የጻፈው ሰውዬ ያለው መቆለፍ መጣ ማለት ነው።


ሞዴል ሠሪ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:40

ወንድሜ፣ ይህ አስተያየት ከእኔ ረጅም ጽሑፍ ይበልጣል። መውጫ ላይ ለ20 ሰከንድ የሚቆም አንድ ተሽከርካሪ ሞዴሉ ውስጥ ማስገባት ቀላል ነው፣ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ አቅሙን ሁሉ ይገለብጠዋል። ቆጣሪው፣ መቆሚያ ያለውንና የሌለውን ለየብቻ አስኪድ።


ሸዋ ሮቢት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:30

እኛ ጋ ሦስት ቅርንጫፍ ብቻ ያለው ጠባብ መገናኛ አለ፤ 40 ሜትር ይቅርና 25 ሜትር ቦታ የለንም። ቤት ማፍረስና ካሣ መክፈል ይመጣል። ለእኛ የሚሆን የለም?


ሞዴል ሠሪ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:00

አለ። ያ ብላክሞር የተባለው መሐንዲስ ያስፋፋው ትንሹ አደባባይ ከ13 እስከ 27 ሜትር ይሆናል፤ መካከሉ በቀለም የተቀባ ወይም ትንሽ ጉብ ያለ ስለሆነ ረጅም መኪና በላዩ ማለፍ ይችላል። ግን ፍጥነቱ አስቀድሞ ዝግ ባለበት የከተማ ውስጥ መንገድ ላይ ነው የሚሠራው። በዋናው የደሴ መንገድ ላይ በፍጥነት ለሚመጣ ተሳቢ በቀለም የተሳለ ክብ ምንም አይደለም። ተዳፋቱንም ለኩ፤ ከ4 በመቶ በላይ ዘንበል ያለ ቦታ ላይ አደባባይ አይመከርም።


ከአራት ኪሎ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:10

አንድ ነገር ልመን። የመብራት ኃይል ሲቋረጥስ? እዚህ የትራፊክ መብራት ሲጠፋ ያለውን ትርምስ ሳስብ፣ አደባባይ ቢያንስ ያለ ኤሌክትሪክ እንደሚሠራ ትናንት ማታ ትዝ አለኝ። ከመጀመሪያው አቋሜ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ብያለሁ። ግን መጨናነቁ ወደፊት ሲያድግ ምን ይሆናል?


ቆጣሪው
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:30

በቀናነት ስለጻፍህ አመሰግናለሁ። ፍሰቱ በዓመት 5 በመቶ ቢያድግ በ14 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሞዴሉን በዛሬው፣ በአንድ ተኩልና በእጥፍ ፍሰት አስኪደዋለሁ። የምፈራው አንድ ነገር አለ፤ በግልጽ ልናገር። የዋናው መንገድ ፍሰት ከጎኑ መንገድ በጣም ሲበልጥ፣ ከአዲስ አበባና ከደሴ የሚመጡት ክቡን ይዘው ከአንኮበር በኩል ያለውን ሰው ክፍተት ሊያስርቡት ይችላሉ። እጥፍ ላይ ይህ ከታየ መድኃኒቱ ምናልባት በጠዋቱ ሰዓት ብቻ የሚበራ፣ ዋናውን መንገድ ለጥቂት ሰከንድ የሚይዝ መብራት አደባባዩ መግቢያ ላይ መትከል ነው። ሌላ አገር ይሠራበታል። ወይም ደግሞ ሞዴሉ እዚያ ቦታ መብራት ይሻላል ይለኝ ይሆናል። ካለ እዚሁ እጽፈዋለሁ፣ አልደብቅም።

አሁን ያለኝ እምነት ግን፣ በየአቅጣጫው አንድ መስመር ባለው፣ ተሳቢና ጋሪና ተማሪ በሚጋሩት በዚያ ቦታ፣ ለከባድ መኪና ቀለበት ያለው፣ ማቋረጫው ከፍ ያለ፣ የባጃጅ መቆሚያው ከመውጫው የራቀ አንድ አደባባይ ከመብራት ይሻላል የሚል ነው። ይህንን እምነት የሚያጸናው ወይም የሚያፈርሰው የእናንተ ቆጠራ ነው። በሚመጣው ማክሰኞና በገበያ ቀን ከጠዋቱ 12:30 ጀምሮ ስምንት ሰው ያስፈልገኛል፤ አራት ለመታጠፊያ፣ ሁለት ለሰልፉ ጅራት፣ ሁለት ለእግረኛ። በረንዳ ያለው ሰው ካለም ይጻፍልኝ።


መምህርት ዘጠባሴ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:15

የእግረኛውን ቆጠራ ለእኔ ተወው። ሁለት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆቻቸውን አስፈቅደው ከእኔ ጋር ይመጣሉ፤ የሒሳብ ትምህርታቸው ይሆናል። ባልደረባዬም ይመጣል፤ መኪናው ሲቆምና ሳይቆም በጆሮው ይነግረናል፣ እኛ እንጽፋለን።


የደሴ መስመር
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:40

ማክሰኞ ከኮምቦልቻ ተነሥቼ ጠዋት እዚያ አልፋለሁ። ስደርስ እደውልልሃለሁ፣ ሜትርህን ይዘህ ውጣ። መኪናውን ከነተሳቢው ለካው፣ የኋላው ጎማ የት ላይ እንደሚቆርጥም አሳይሃለሁ።


ቆጣሪው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:55

እወጣለሁ ጋሼ። መምህርት፣ ወረቀቶቹን አባዝቼ ሰኞ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አደርሳለሁ፤ በየ15 ደቂቃው የተከፈለ ነው፣ ለሕፃን፣ ለአዋቂና ለአረጋዊ የተለያየ ዓምድ አለው። ልጆቹ ጓንት ይዘው ይምጡ።